የውስጥ አኖዶቹ እንደ አዲስ ሆነው ወጡ፤ ልደሰት ወይስ ልስጋ?

ክፍል፦ የጀልባ ሞተር ጥገና

ፖቶማክ ዳር (ቨርጂኒያ)፦

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው ጥቅምት 19 ጫማ ርዝመት ያላት ያገለገለች ጀልባ ገዝቻለሁ። ከኋላዋ የሚታሰረው ሞተር የ2009 ሥሪት፣ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ አራት ምት፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን ሰዓት ቆጣሪው 640 ያነባል። የምትውለው በታችኛው ፖቶማክ፣ ወንዙ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚጠጋበት አካባቢ ነው። ውሃው ዋሽንግተን አጠገብ ጨው አልባ ሆኖ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ጨዋማነቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ እኔ ያለሁበት ቦታ ጨውም ንጹሕም ያልሆነ ቅልቅል ውሃ ነው።

የቀድሞው ባለቤት የጥገና ደብተር አልነበረውም። የውጭዎቹን አኖዶች (በሞተሩ ፈንታ እንዲበሉ የሚገጠሙ ቁርጥራጭ ብረቶች) ቀይሬ እንደጨረስሁ የጥገና መጽሐፉን ሳገላብጥ፣ በብሎኩ (ሲሊንደሮቹን በያዘው የሞተሩ ዋና አካል) የማቀዝቀዣ ውሃ መተላለፊያ ውስጥም እያንዳንዳቸው በትንሽ ክዳን የተሸፈኑ አራት አኖዶች እንዳሉ ተረዳሁ። ሁለቱ ከጎን በግልጽ የሚታዩ በመሆናቸው ባለ 10 ቡሶላ አስገብቼ ስሞክር ብሎኖቻቸው ያለ ብዙ ትግል ተፈቱ። የቀሩት ሁለቱ ከአየር ማስገቢያው ጀርባ ስለሆኑ ገና አልደረስሁባቸውም።

ግራ የገባኝ ነገር የሚከተለው ነው። የወጡት ሁለቱ አኖዶች የአውራ ጣት አንጓ የሚያህሉ ድፍን ብረቶች ሲሆኑ ላያቸው ላይ አመድ የመሰለ ስስ ቅርፊት ከመያዛቸው በስተቀር ጠርዛቸው እንኳ አልተሸረፈም። ይሁንና የአንደኛው ቀዳዳ ከንፈር ዙሪያውን በነጭ ዱቄት ተሸፍኗል፤ ዱቄቱን በካቻቢቴ ጫፍ ስጭረው ከሥሩ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ጉድጓዶች ብቅ አሉ። አኖዶቹን በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ ብመልሳቸው ይበቃ ይሆን? የቀሩትን ሁለቱንስ መክፈት አለብኝን?

ሻርጃ ወደብ፦

ወንድሜ ፖቶማክ ዳር፣ እንኳን ከፍተው አዩ፤ ግን አይመልሷቸው። እኔ ሻርጃ ውስጥ በጀልባ ጥገና ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የዚህ ባሕር ውሃ ከአንድ ሺህ እጅ ወደ 40 እጅ ጨው የሚይዝና በበጋ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ በመሆኑ፣ የውስጥ አኖድ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንደ ተጠባ ከረሜላ ሆኖ ይወጣል። እኔ ደስ የሚለኝ ያንን ሳይ ነው። አኖድ ለብሎኩ ቤዛ እንዲሆን የተቀመጠ ብረት ስለሆነ፣ እሱ ሳይነካ ጎረቤቱ ከተበላ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

ብዙ ሰው የውጭዎቹን በየዓመቱ እየቀየረ የውስጦቹን የሚረሳው፣ የውጭዎቹ ሞተሩን ሁሉ የሚጠብቁ ስለሚመስለው ነው። የውጭ አኖድ የሚሰጠው ጥበቃ በውሃው በኩል የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲሆን፣ ጣት በማያስገባ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ጥቂት እንደገባ ይደክማል። ከዚያም በላይ፣ ከጉዞ መልስ ሞተሩ ወደ ላይ ሲነሣ የውጭዎቹ አኖዶች አየር ላይ ይቀራሉ፤ በብሎኩና በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ መክደኛ) ጓዳዎች ውስጥ የቀረው እርጥበትና የጨው ቅርፊት ግን ጀልባዋ በቆመችበት ሳምንት ሁሉ መብላቱን አያቆምም።

ስለዚህ ወደ ግዢ ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገር ይመርምሩልን። አንደኛው ንክኪ ነው፤ በቴስተር ከአኖዱ እስከ ክዳኑ፣ ከዚያም ከክዳኑ መቀመጫ እስከ ብሎኩ ያለውን ይለኩ። ከአንድ ኦም በታች ካልሆነ አኖዱ ከብሎኩ ጋር አልተገናኘም፤ ያልተገናኘ አኖድ ደግሞ በኪስ የተቀመጠ ያህል ነው። ሁለተኛው አኖዱ ከምን ብረት እንደተሠራ ነው፤ ዚንክና አሉሚኒየም በቀለም አይለዩም፣ በክብደት ግን በጣም ይለያያሉ። የቀሩትን ሁለቱን በተመለከተ ግን ምንም ጥያቄ የለውም፤ ይከፈታሉ። ከሁሉ የሚያሳስቡኝም እነሱ ናቸው።

ጥብርያዶስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በኪነሬት ሐይቅ (በገሊላ ባሕር) ላይ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር አለኝ። እዚህ የምንጠቀመው ማግኒዥየም አኖድ ሲሆን ሦስት ዓመት ሙሉ በሞተሩ ላይ አንድም ነጭ ነጥብ አላየሁም። ከሁሉም የበለጠ ኃይለኛው እሱ እንደሆነ ሲነገር ሰምቻለሁ። ለወንድማችንም ቁርጥ ያለው መፍትሔ እሱ ይመስለኛል።

ፖቶማክ ዳር፦

ሁለቱንም መረመርሁ። ንክኪው ደህና ነው፤ ከአኖዱ እስከ ክዳኑ 0.3 ኦም፣ ከክዳኑ መቀመጫ እስከ ብሎኩም ከዚያ ብዙም ያልራቀ አገኘሁ።

ክብደቱን በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝነው 64 ግራም ሆነ። መጠኑን ለማወቅ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ እስከ አፏ ውሃ ሞልቼ፣ አኖዱን በክር አንጠልጥዬ ነከርሁትና የፈሰሰውን ውሃ በልጆች የመድኃኒት መርፌ ስለካው 9 ሚሊ ሊትር ወጣ። ሦስት ጊዜ ደግሜው ከግማሽ ሚሊ ሊትር በላይ አልተለያየም። ባለቤቴ ሚዛኑን በሳሙና ሳላጥብ ወደ ቦታው እንዳልመልስ አስጠንቅቃኛለች።

የኬሚስትሪ መምህር (ባሕር ዳር)፦

መለኪያዎ የሚያስመሰግን ነው። 64ን ለ9 ቢያካፍሉት በአንድ ሚሊ ሊትር 7.1 ግራም ይመጣል፤ ይህም የዚንክ እፍጋት ነው። የአሉሚኒየም እፍጋት 2.7 ስለሆነ ይኸው ቅርጽ በአሉሚኒየም ቢሠራ 24 ግራም ገደማ በመዘነ ነበር። በእጅዎ ያሉት ሁለቱም ዚንክ ናቸው።

ዚንክ በባሕር ውሃ ውስጥ መጥፎ አኖድ አይደለም። በብርና ብር ክሎራይድ ማመሳከሪያ ሲለካ ኔጋቲቭ 1.05 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ለዚሁ ተግባር የሚዘጋጀው የአሉሚኒየም ቅይጥ ኔጋቲቭ 1.10 አካባቢ፣ ማግኒዥየም ደግሞ ኔጋቲቭ 1.5 እና ከዚያም ያለፈ ይሰጣል። ቁጥሩ ወደ ኔጋቲቭ በራቀ መጠን ብረቱ ራሱን ለመስጠት የፈጠነ ነው። ችግሩ ዚንክ ጨው ባነሰው ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ፣ በተለይም እየረጠበ ሲደርቅ፣ በላዩ ላይ የማይሟሟ ቅርፊት መሥራቱ ነው፤ እርስዎ አመድ የመሰለ ያሉት እሱ መሆን አለበት። ቅርፊቱ ከተጋገረ በኋላ ቴስተር ንክኪው ጥሩ ነው ቢልም፣ ብረቱ ከውሃው ጋር ስለማይነካካ ፍሰት አይወጣውም። ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ዚንክ ከብረት ጋር ተጣምሮ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ሲሆን፣ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ጠባቂነቱ ሊገለበጥ እንደሚችል ከውሃ ማሞቂያ ጋኖች የታወቀ ነው። የእርስዎ ብሎክ አሉሚኒየም ስለሆነ ነገሩ ያው ነው አልልም፤ ነገር ግን ዚንክ ሞቃት ቦታን እንደማይወድ ያስረዳል።

ወንድማችን ጥብርያዶስ ስለ ማግኒዥየም የተናገሩት ለሐይቃቸው ትክክል ነው፤ ጨው ያነሰው ውሃ ኤሌክትሪክ ለማስተላለፍ ስለሚቸግር ጠንከር ያለ ገፊ ያስፈልገዋል። በቅልቅል ወይም በባሕር ውሃ ግን ያው ማግኒዥየም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ ከማለቁ በፊትም ከመጠን ያለፈ ፍሰት ስለሚሰጥ በሚጠበቀው ብረት ገጽ ላይ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ይፈጠራል። አሉሚኒየም አሲድን ብቻ ሳይሆን አልካሊንም የማይችል ብረት በመሆኑ ከጥበቃ ብዛት ይበላል፣ ቀለሙም ይላጣል። ለፖቶማክ የሚስማማው የአሉሚኒየም አኖድ ነው፤ በጨውም በቅልቅልም ውሃ ይሠራል።

አንድ ግምት ልጨምር። ያልከፈቷቸው ሁለቱ ፋብሪካው ያስቀመጣቸው የአሉሚኒየም አኖዶች ከሆኑ፣ የቀድሞው ባለቤት እጁ የደረሰባቸውን ሁለቱን ብቻ በዚንክ ቀይሮ አስቸጋሪዎቹን ትቷቸዋል ማለት ነው። አሉሚኒየሙ ከዚንኩ ይልቅ ፈጣን በመሆኑ ለብሎኩ ብቻ ሳይሆን ለዚንኮቹም ጭምር ሲከፍል ኖሯል። ስትከፍቷቸው ባዶ ቦታ ብታገኙ አይደንቀኝም።

የጫሞ ጀልባ (አርባ ምንጭ)፦

እንደምን ሰነበታችሁ። በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም። ጎብኚዎችን ወደ አዞ ገበያ በሚያመላልሱ ጀልባዎች ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ ሞተሮቹ አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምትና አነስተኛ ናቸው። መምህሩ ስለ አልካሊ ሲጽፉ ዓይኔ በራ፤ የጫሞ ውሃ በምላስ ጨው አይመስልም፣ ነገር ግን ሳሙና የመሰለ ልስላሴ አለው፣ ሞተሩም ከቀለሙ ሥር ነጭ እያበጠ ይላጣል። ምክንያቱን እስከ ዛሬ በጨው ላይ ስናሳብብ ነበር።

ሌላው፣ እኛ ዘንድ አኖድ እንደ ልብ አይገኝምና አንድ ጊዜ የመስኮት ፍሬም አሉሚኒየም አቅልጠን በቶርኖ ቤት አስቀርጸን ገጠምን። ዓመት ሙሉ ቆይቶ እንዳብረቀረቀ ወጣ። አሁን ይህን ውይይት ሳነብ አለመበላቱ የምሥራች እንዳልነበረ ገባኝ።

ፖቶማክ ዳር፣ ልጄ፣ የኋላዎቹን ብሎኖች ስትፈታ አትቸኩል። ከጎን ያሉት ተነክተው ስለነበር ቀለሉህ፤ የኋላዎቹ ግን ከፋብሪካ ወዲህ ያልተነኩ ከሆነ ከነጭ ዝገት ጋር ተጣብቀዋል። መጀመሪያ ለመፍታት ሳይሆን ለማጥበቅ ትንሽ ሞክር፤ ከነቃ በኋላ ወደ መፍታት ትመለሳለህ። እንቢ ካለ ዙሪያውን አሙቅና ጧፍ አስነካው። ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መካከል ሰርጎ ይገባል፤ ከማንኛውም በጣሳ ከሚሸጥ ዘይት እኔ ጧፍን አምናለሁ።

የኬሚስትሪ መምህር፦

ጋሼ፣ የመስኮቱ ፍሬም ያልሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተራ አሉሚኒየም አየር ሲነካው በላዩ ላይ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል፤ በዚህ ምክንያት ቤዛ መሆን አይችልም። ለአኖድ የሚዘጋጀው ቅይጥ ወደ 5 በመቶ ዚንክና ከ0.02 በመቶ የማይበልጥ ኢንዲየም የሚባል ብረት አለበት። ያቺ እንጥፍጣፊ ኢንዲየም ናት ሽፋኑ እንዳይጋገር የምታደርገው። የጫሞ ውሃ ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያ) ደግሞ ወደ 9 የሚጠጋ ስለሆነ የአሉሚኒየም የተፈጥሮ ሽፋን ከሚጸናበት ወሰን ወጥቷል፤ ሽፋኑ የሚጸናው ከ4 እስከ 8.5 ገደማ ባለው መካከል ነው። እዚያ ቀለሙን መጠበቅና የተላጠውን ቶሎ መሸፈን ከአኖዱ እኩል ዋጋ አለው።

አሮጌ መቅዘፊያ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ የተለየ አስተያየት አለኝ። ሞተሩ 640 ሰዓት ሠርቶ አይሞቅም፣ ውሃ አያፈስም፣ በደንብ ይነሣል። ያልታመመን ብሎን ለመፍታት ሲሞከር ተሰብሮ ሙሉ ብሎክ የተበላሸበት ሰው አውቃለሁ። ሁለቱን በአሉሚኒየም ቀይረው የኋላዎቹን ቢተዉ ይሻላል።

ሻርጃ ወደብ፦

ስጋትዎን እረዳለሁ፤ እኔም የሰው ሞተር ላይ ብሎን ሰብሬ አውቃለሁ። ነገር ግን ከአኖዱ ቀዳዳ ጀርባ ያለው ግድግዳ በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላው በኩል የጭስ መውጫ ወይም ሲሊንደር የሚያዋስነው ነው። የጤፍ ፍሬ ያህል ጉድጓድ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠለቀ ያንን ግድግዳ ሲበሳ፣ ሞተሩ ምልክት የሚሰጠው ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው። የተሰበረ ብሎን ይወጣል፤ የተበሳ ብሎክ ግን የሚጣል ነው።

ፖቶማክ ዳር፦

የምሥራችም የመርዶም አለኝ። ቅዳሜ ዕለት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቼ፣ የአየር ማስገቢያውን አውርጄ፣ ወደ ኋላዎቹ ደረስሁ። ግማሽ ቀን የፈጀብኝ እዚያ መድረሱ እንጂ አኖዱ አልነበረም።

ታችኛው ብሎን ጋሼ እንዳሉት ትንሽ ወደ ማጥበቅ ስገፋው «ቀጭ» አለና ተፈታ። ክዳኑን በፒንሳ ስስበው አብሮ የወጣው አኖድ ሳይሆን አኖዱን የያዘችው ትንሽ ብሎን ብቻ ነበረች፤ በጫፏ ላይ የሽምብራ ግማሽ የሚያህል ነጭ ፍርፋሪ ተንጠልጥሏል። የመምህሩ ግምት በትክክል ደረሰ።

ላይኛው ግን ተሰበረ። ለሊቱን ዘይት ጠጥቶ ያደረ ብሎን ነው፤ ቡሶላው ላይ እጄን እንዳሳረፍሁ እንደ ካራሜላ ለስለስ ብሎ ዞረና ጭንቅላቱ ቡሶላው ውስጥ ቀረ። ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። አሮጌ መቅዘፊያ የጻፉት በጆሮዬ ይጮህ ነበር።

ሻርጃ ወደብ፦

አይዞዎት፤ ጭንቅላቱ መቆረጡ ከሁሉም የተሻለው አሰባበር ነው። ክዳኑን የያዘው ጭንቅላቱ ስለነበረ ክዳኑ አሁን በስስ ነገር ፈልቀቅ ሲደረግ ይወጣል፤ ክዳኑ ሲወጣ ደግሞ የብሎኑ ግንድ ከብሎኩ ወጣ ብሎ ይቀራል። ግንዱ ከታየ በቋሚነት በምትነክስ ፒንሳ መያዝ ይቻላል።

እሳት ከመጠቀምዎ በፊት የነዳጅ ቱቦውን ይንቀሉ፣ ጫፉን ይድፈኑ፣ ታንኩን ከጀልባዋ ያውርዱ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ሥራውም አየር በሚነፍስበት ቦታ ይሁን። የሚሞቀው ብሎኑ ሳይሆን በዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 23 እጅ ይሰፋል፣ የማይዝገው ብረት ግን ወደ 17 እጅ ብቻ ነው። ኤም6 በሆነ (6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው) ብሎን ላይ መቶ ዲግሪ ቢያሞቁ የሚገኘው ክፍተት ከ0.004 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን የተጋገረውን ነጭ ዝገት ለመሰንጠቅ ይበቃል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ቀለሙ አይቀየርምና በዓይን አይተማመኑ፤ ከ150 ዲግሪ ባያሳልፉት መልካም ነው፣ በአቅራቢያው ጎማና ቀለም አለ።

በዚህ እንቢ ካለ ግንዱ ላይ ዳዶ አጥልቆ ከውስጥ በኩል ማስበየድ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ያላቅቀዋል። የመጨረሻው አማራጭ መብሳት ነው። ግንዱን እኩል አድርጎ ሞርዶ መሐሉን በትክክል ነጥቦ በ5 ሚሊ ሜትር ትራፓን መብሳት፣ ጥርሱ ከተበላሸም ሄሊኮይል የሚባለውን የሽቦ ጥርስ ማስገባት። ያን ግን በእጅ በተያዘ ትራፓን እንዲሞክሩት አልመክርም፤ ብረቱ ከአሉሚኒየሙ ስለሚጠነክር መብሻው ወደ ለስላሳው ይንሸራተታል።

የጫሞ ጀልባ፦

ጧፉን አትርሳ። አንድ ጊዜ አሙቆ መተው አይደለም፤ አሙቅ፣ ጧፍ አስነካ፣ ይብረድ፣ እንደገና አሙቅ። በሦስተኛውና በአራተኛው ነው የሚሰማህ። ስትይዘውም ወደ አንድ ወገን ብቻ አትግፋ፤ ወዲያና ወዲህ እያልህ፣ የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል።

ፖቶማክ ዳር፦

ወጣ!

ጧፉን ከሐበሻ ሱቅ ገዛሁ፤ ባለሱቁ ለየትኛው በዓል እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለጀልባ ሞተር ነው ብዬ ለማስረዳት አፍሬ ዝም አልሁ። ክዳኑን ካወጣሁ በኋላ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ግንድ ታየ። ዙሪያውን በትንሽ የጋዝ ነበልባል ሁለት ደቂቃ ያህል እያዞርሁ አሞቅሁና ጧፉን በግንዱ ሥር አስነካሁት፤ ሰሙ ወዲያው ቀልጦ በዙሪያው ቀለበት ሠራ፣ ከዚያም ቀለበቱ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ሲጠባ በዓይኔ አየሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ምንም አላመጡም። በአራተኛው ፒንሳውን ስነቀንቀው ግንዱ የፀጉር ያህል ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ ወዲያና ወዲህ እያልሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ፤ ሲወጣ ጥርሶቹ መካከል ያለው ነጭ ነገር እንደ ኖራ ተፈረፈረ። የብሎኩን ጥርስ በኤም6 ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ) አጸዳሁት፣ ጤነኛ ነው።

ከላይኛው ቀዳዳ የወጣውም ፍርፋሪ እንጂ አኖድ አይደለም። አራቱንም የአሉሚኒየም አኖዶች ከነጎማ ቀለበታቸው አዝዣለሁ። ስገጥም ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ካለ ከወዲሁ ንገሩኝ። ብሎኖቹን ግራሶ ልቀባ ብል ንክኪውን አያቋርጥብኝም?

ሻርጃ ወደብ፦

እንኳን ደስ አለዎት። ከመግጠምዎ በፊት ፍርፋሪውን ያውጡ። አሉሚኒየም በማግኔት አይያዝምና በቀጭን ቱቦ በሚስብ የአቧራ መጥረጊያ ይምጠጡት፤ ተርሞስታቱንም አውጥተው ይዩት። ተርሞስታቱ በ60 ዲግሪ አካባቢ የሚከፈት ትንሽ በር ስለሆነ በመካከሉ አንዲት ፍርፋሪ ከገባች ወይ አይዘጋም ወይ አይከፈትም። እኔ ዘንድ ለሙቀት ማስጠንቀቂያ የመጣ ሞተር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ያገኘሁት የአሮጌ አኖድ ቁራጭ ነው።

ስለ ግራሶው፣ ውሃ የማያጥበውን የጀልባ ግራሶ በብሎኑ ጥርስ ላይ ይቀቡ እንጂ አይፍሩ፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የጥርሱ ብረት ከብረት ጋር ስለሚጋጠም ግራሶው ከመካከል ይገፋል። የጎማ ቀለበቱንም በስሱ ይቀቡት። በአኖዱና በክዳኑ መካከል፣ በክዳኑና በብሎኩ መጋጠሚያ ብረት ላይ ግን ምንም አይግባ፤ ግራሶም ቀለምም ሲሊኮንም። እነዚያን ሁለት ገጾች ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በካርታ ቬትሮ ይጥረጉ። አኖዱን ራሱንም ቀለም የሚቀባ ሰው አጋጥሞኛልና ይህንንም መናገር ይኖርብኛል።

ማጥበቂያውን በግምት አያድርጉት። ለምሳሌ በያማሃ የጥገና መጽሐፎች አጠቃላይ ሠንጠረዥ ባለ 10 ቁልፍ የኤም6 ብሎን 8 ኒውተን ሜትር፣ ባለ 12 ቁልፍ የኤም8 ብሎን 18 ኒውተን ሜትር ይላል፤ የእርስዎ መጽሐፍ ለዚያ ክዳን የተለየ ቁጥር ካለው እሱን ይከተሉ። 8 ኒውተን ሜትር ከሚገምቱት በጣም ያነሰ ነው። ክንድዎን ሳይሆን የእጅዎን አንጓ ብቻ ይጠቀሙ።

የአየር ማስገቢያውን ከመመለስዎ በፊት በማጠቢያው ቀዳዳ የአትክልት ቱቦ አያይዘው ውሃ ይልቀቁና እያንዳንዱን ክዳን በደረቅ ሶፍት ይንኩት። መልሰው ከገጠሙ በኋላ የሚንጠባጠብ ክዳን ማግኘት ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ።

ጥብርያዶስ፦

ስለ ማግኒዥየሙ የተሰጠኝን እርማት በአክብሮት ተቀብያለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ባሕር ዳርቻ ያለ ወንድሜ የእኔን ሞተር ለአንድ ወር ሊወስደው ነው። ለአንድ ወር ሲባል አኖዶቹን መቀየር አስፈላጊ ነውን?

የኬሚስትሪ መምህር፦

አዎን፣ ይቀየሩ። በባሕር ውሃ ውስጥ ማግኒዥየሙ ወሩን ሳይጨርስ ሊያልቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ያለ ምንም ጥበቃ ይቀራል። አሉሚኒየሙን ስታስገቡ ማግኒዥየሙን በሙሉ አውጡ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከተቀመጡ ማግኒዥየሙ ለአሉሚኒየሙ አኖድ ሲከፍል ይኖራል።

የጫሞ ጀልባ፦

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። አኖዱ ባይቀየርም በዓመት አንድ ጊዜ ብሎኑ ይውጣ፣ ግራሶ ይቀባ፣ ይመለስ። በየዓመቱ የወጣ ብሎን ሲሰበር አላየሁም።

ፖቶማክ ዳር፦

ውይይቱን የከፈትሁት እኔ ስለሆንሁ ውጤቱን ማሳወቅ ይገባኛል። አኖዶቹ ሲመጡ እያንዳንዳቸው 24 ግራም መዘኑ፤ መምህሩ ሳያዩ ከተናገሩት ቁጥር ጋር አንድ ነው። በሚያዝያ ገጠምኋቸው። በቱቦ ስፈትን ከአራቱ አንዱ ክዳን ላበ፤ የጎማ ቀለበቱ ተጣሞ ገብቶ ነበርና አስተካክዬ መለስሁት። ተርሞስታቱ ውስጥ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጭ ቁራጭ አገኘሁ።

ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ ስድስት ወር ሠርታለች። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል በንጹሕ ውሃ አጥቤያታለሁ። ትናንት ለክረምት ከማስገባቴ በፊት ከጎን ያለውን አንዱን አኖድ ከፈትሁ። ጠርዙ ክብ ሆኗል፣ ፊቱ ትል የበላው እንጨት መስሏል፣ ሚዛን ላይ 19 ግራም ወጣ። በቀዳዳው ከንፈር ላይ ባለፈው ዓመት ያጸዳኋቸው ጉድጓዶች ነጭ ዱቄት አላወጡም። መልሼ ገጥሜዋለሁ፤ የሚመጣው ዓመት አጋማሽ ላይ የሚቀየር ይመስለኛል።

የቀሩትን ሦስቱን ብሎኖች ጋሼ እንዳሉት አውጥቼ ግራሶ ቀብቼ መለስሁ፤ የኋላኛው ላይኛው በሁለት ጣት ነው የተፈታው። የጧፉ ግማሽ አሁንም በመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አለ።